የእሁዱ ፊልም መጨረሻ

«ቴሌቪዥኑም ይሸፈን፤ ሬሳ ባለበት ቤት ተገልጦ አይቆምም» አለች ኮንሴፕታ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ እያራገፈች።

ዩና መስታወቱስ እሺ ልትል ፈለገች። መስታወት መሸፈን ከእናቶቻቸው የቆየ ነው። ቴሌቪዥን ግን ከመቼ ወዲህ ነው ለቅሶ ሥርዓት ውስጥ የገባው? አፏን ከፈተች። «ቴ... ቴ...»

«ቴሌቪዥኑን፣ አዎ። እኔው እሸፍነዋለሁ፤ አንቺ ተቀመጪ።»

ኮንሴፕታ የሟቹ የማላኪ፣ የዩና ባል፣ ታላቅ እህት ናት። ክፉ ሰው አይደለችም። የወንድሟን ሞት ከሰማች ጀምሮ ከእግሯ አላረፈችም፤ ወንበሩን ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ያስመጣችው፣ ትልቁን ማንቆርቆሪያ የተዋሰችው፣ ዳቦውን የቆራረሰችው እሷ ናት። ዩና ከልጅነቷ ጀምሮ ትንተባተባለች። አንድ ቃል ላይ በተያዘች ቁጥር ኮንሴፕታ ቃሉን ከአፏ ነጥቃ ትጨርስላታለች። ብዙውን ጊዜ የምትጨርሰው ዩና ልትል ያሰበችውን አይደለም። ዩናም ማረሙ ስለሚያደክማት ራሷን ነቅንቃ ትተወዋለች።

ማላኪ በመስኮቱና በቴሌቪዥኑ መካከል፣ በተከፈተ የሬሳ ሳጥን ውስጥ ተጋድሟል። የክት ሱፉን አልብሰውታል። መረብ ሲጎትቱ የኖሩት ሰፋፊ እጆቹ ደረቱ ላይ ተደራርበው፣ መቁጠሪያ ተጠምጥሞባቸዋል። ጸጉሩን ያበጠረው ሰው ማላኪ ባልለመደው በኩል ከፍሎለታል። ዩና ይህንንም ልትናገር ፈልጋ ትታዋለች።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደራሹ መግባት ጀመረ። የመንደሩ ሰው በተራ በሩ ላይ ኮቱን እያራገፈ ይገባል፤ የዩናን እጅ ይጨብጣል፤ ከግላስጎው የመጣችውን ልጇን ኦርላን ይጨብጣል፤ ሳጥኑ አጠገብ ቆም ብሎ የማላኪን እጅ ይነካና ያማትባል። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤቱ፣ ወደ ሻይና ሳንድዊቹ ያልፋል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ እንዴት ሆነ?

የሚመልሱት ሌሎች ናቸው።

«ፊልም እያዩ ነበር» ትላለች ኮንሴፕታ። «እንቅልፍ ሸለብ አደረገው፣ በዚያው አረፈ። ዩና ወዲያው ነው ያወቀችው። ወዲያው ነው ጮኻ የተጣራችው።»

«ተመስገን፤ ብቻውን አልሆነ» ይላል ሰው።

ዩና ወለሉን ታያለች። ወዲያው አልነበረም። አልጮኸችምም።

እሁድ ዝናብ ነበር። የበግ ጥብሱን በልተው፣ ሳህኑን አጣጥበው፣ እንደ ልማዳቸው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ማላኪ እሁድ በመጣ ቁጥር የሚላትን አላት፤ «ዛሬስ አልተኛም።» ፊልሙ በአንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ስለምትኖር ሴት ነው። ባሏ ከጦርነት አልተመለሰም። አንድ ቀን የባሏ ጓደኛ ነኝ የሚል ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከባቡር ይወርድና መርዶውን ይነግራታል። ጣራዋ ያፈስ ስለነበር ጣራውን ልሥራልሽ ብሎ ይቆያል። ሰውዬው መሰላሉ ላይ ሲወጣ የማላኪ አገጭ ደረቱ ላይ ወደቀ። ዩና ተነስታ ብርድ ልብስ ደረበችለት። በመሃል ለራሷ ሻይ አፍልታ ተመለሰች። ሴትዮዋና ሰውዬው እየተዋደዱ መጡ፤ ግን የሞተው ባል በመካከላቸው እንደተቀመጠ ነው። ዩና ሻይዋን ፉት እያለች፣ ነገ ጠዋት ይህን ለማላኪ እንዴት እንደምትነግረው ታስብ ነበር።

ሐኪሙ መጥቶ መረመረውና፣ «ካረፈ ከሁለት ሰዓት በላይ ሆኖታል» አላት። «ልቡ ነው፤ ብታውቂም ምንም ማድረግ አትችዪም ነበር።» የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አእምሮዋ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ሁለተኛው አልገባም። ከሁለት ሰዓት በላይ ማለት ከፊልሙ ግማሽ ጀምሮ ማለት ነው። ግማሹን ፊልም ከሞተ ባሏ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሻይ እየጠጣች አየችው።

ማክሰኞ ፌሊምና ኮርማክ መጡ። ፌሊም ከማላኪ ጋር በአንድ መርከብ ዓሣ ያጠመደ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነው። ኮርማክ ደግሞ በወደቡ የዓሣ ማቀዝቀዣውን በረዶ ቤት የሚያስተዳድር፣ ወፍራም፣ ሹክሹክታው እንኳ ከማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ሳጥኑ አጠገብ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሻያቸውን ተቀብለው በሩ አጠገብ ተቀመጡና፣ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንዲህ ባለ ቤት ሰዎች እንደሚያደርጉት ስለ ሌላ ነገር ማንሾካሾክ ጀመሩ።

«እሁድ የታየውን አይተኸዋል? የጣቢያዋን ሴትዮ?» አለ ኮርማክ።

«አይቼዋለሁ።»

«ሰውዬው ከሄደ በኋላ በሩን ዘጋችው፣ ከዚያ መልሳ ከፈተችው። እኔ ልንገርህ፣ የከፈተችው ልትጠራው ነው።»

«ልትጠራው ከሆነ ቦርሳውን ለምን በገዛ እጇ አዘጋጀችለት?»

«ሐሳቧን ቀየረቻ። ሴት ሐሳቧን አትቀይርም?»

«ያንተ ሚስት ሐሳቧን ቀይራ ታውቃለች?»

«ወደኔ በኩል ቀይራ አታውቅም።»

ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ሳቁን ሻዩ ውስጥ ደበቀ። ዩና የሳንድዊች ትሪ ይዛ እየቀረበች ነበር።

«ማላኪ ቢኖር ይፈርድልን ነበር» አለ ኮርማክ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «የሆስፒታሉን ፊልም ታስታውሳለህ? ሁላችንም ሐኪሙን ስንረግም፣ ምን አለን? ‹ሰውዬውን የገደለው ሾርባውን ያመጣው አይደለም፤ ሾርባው ሲቀዘቅዝ እያየ ዝም ያለው ነው።› እኔ ያን ቃል ስንት ቀን አሰብኩት።»

«የንጉሡንም ፊልም» አለ ፌሊም። «‹የሚተውነው ልብሱ ነው፤ ሰውዬው ውስጡ የለም።›»

ትሪው በዩና እጅ ላይ ቆመ። ሾርባው የእሷ ቃል ነው። ልብሱም የእሷ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ገና በሌሊት ልብሷ፣ ዳቦ ላይ ቅቤ እየቀባች ለማላኪ ያለችው ነው። ለእሱ ብቻ። የገዛ ቀሚሷን ለብሶ በመንደሩ ሲዞር የኖረ ሰው ያየች መሰላት። ትሪውን ባገኘችው ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳው ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው።

ፊታቸውን ሳታይ ለቀስተኛው ሁሉ ሲያወራ ትሰማለች። ማላኪ ላይ ተናደደች። በሞተ በሁለተኛው ቀን በሞተ ሰው ላይ መናደዷ ደግሞ አሳፈራት።

በወጣትነታቸው ጊዜ በከተማው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም ይታይ ነበር። ሲያልቅ ወጣቱ ሁሉ ደጅ ላይ ተሰብስቦ አውቶቡሱ እስኪነሳ ይከራከራል፤ ማን ጥሩ ሠራ፣ ማን አበላሸ፣ መጨረሻው ምን ማለት ነው። ዩና ሁልጊዜ ከእህቷ ኋላ ትቆማለች፤ የምትለው ሞልቶ፣ አፏ ግን ተቆልፎ። አንድ ቀን በመልክ ብቻ የምታውቀው የመርከብ ሠራተኛ ዞር ብሎ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

«እ... እ...»

ሰዎች እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን አሸሹ። አንዷ ልጅ ልትጨርስላት ሞከረች። ማላኪ ትከሻውን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ቆመ፤ ጊዜ የተረፈው ሰው ይመስል። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ማላኪ እጁን አውለብልቦ ሂዱ አላቸው። ሾፌሩም ሳቀና ሄደ።

በባሕሩ ዳር ባለው መንገድ በእግራቸው ተመለሱ። የበጋው ብርሃን ገና አልጠፋም ነበር። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ቃል ጉሮሮዋ ላይ እየተያዘ ወጣ፤ ቀስ በቀስ መያዙ እየላላ መጣ፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ዩና እንደማንኛውም ሰው ታወራ ነበር። ስለ ተዋናዩ፣ ስለ ሙዚቃው፣ ደራሲው ልጅቱን ለምን በከንቱ እንደገደላት። ማላኪ ጸጥ ብሎ ሰማት። ቤቷ ደጃፍ ሲደርሱ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እውነቱን ልንገርሽና፣ እኔ ከመሃሉ ጀምሮ ተኝቼ ነበር» አላት።

እንዲህ ተጋቡ። እንዲህም ኖሩ። ቴሌቪዥን ከገባ በኋላ ፊልሙ ቤታቸው መጣ፤ እሁድ እሱ ይተኛል፣ እሷ ታያለች። «ዓይኔን አሳረፍኩ እንጂ አልተኛሁም» ይላል። ሰኞ ቁርስ ላይ ደግሞ እንቁላሉን እየሰበረ፣ «እሺ፣ ምን ሆነ?» ይላታል። እሷም ትነግረዋለች፤ አንድም ቃል ሳይዛት። በዚህ ዓለም ላይ ከእሱ ጋር ብቻ ነው ምላሷ የሚፈታው። ከቁርስ በኋላ ኮቱን ደርቦ ወደ ወደቡ ይወርዳል። እዚያ ሄዶ የሚያወራው ስለ አየሩና ስለ ዓሣው ይመስላት ነበር።

የጓዳው በር ተንኳኳ። ፌሊም ባዶ ስኒዎች ይዞ ገባና ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጣቸው።

«አስቀየምንሽ መሰለኝ» አለ። «ሬሳ አጠገብ ስለ ፊልም ማውራታችን...»

ራሷን ነቀነቀች። «እ... እ...»

ፌሊም ቧንቧውን ከፍቶ ስኒ ማጠብ ጀመረ። አላያትም፣ አላስቸኮላትምም።

«እኔ ነኝ ያ... ያልኩት። ሾ... ሾርባውን።»

«እናውቃለን።»

ዩና አፈጠጠችበት።

«ማላኪ እኮ ማዕበል ውስጥ ቆሞ የሚተኛ ሰው ነው» አለ ፌሊም። «ፊልም ጨርሶ አያውቅም። አንድም ቀን ‹እኔ እላለሁ› ሲል አልሰማነውም። ‹በእኛ ቤት እንዲህ ተብሏል› ነው የሚለው። ኮርማክ ጠለቅ አድርጎ ከጠየቀው ደግሞ ‹ቆይ፣ ነገ ጠይቄ እመጣለሁ› ይላል። ሰኞ ሰኞ በዚያ ብርድ በረዶ ቤቱ ደጃፍ የምንሰበሰበው የሱን አስተያየት ለመስማት መሰለሽ? እሱማ ምን አይቶ።»

«ለ... ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ሌላ ሰው እንደሚሰማት ካወቀች ቃሏ ይደበቃል፤ ያኔ እናንተም እኔም እናጣዋለን› አለኝ።»

ዩና ፎጣ አንስታ ስኒውን ተቀበለችው። ብዙ ካደረቀችው በኋላ፣ «ሊ... ሊጠይቀኝ ይችል ነበር» አለች።

«ይችል ነበር» አለ ፌሊም። «ይገባውም ነበር።»

ፌሊም ያጥባል፣ እሷ ታደርቃለች። ስኒው ሲያልቅ ንዴቷ አላለቀም፤ ግን ሌላ ነገር አብሮት ተቀምጦ ነበር። ማላኪ በዝናብ ኮቱን ቆልፎ፣ የእሷን ቃል እንዳይረሳው በመንገድ ላይ እየደጋገመ ወደ ወደቡ ሲወርድ ታያት።

ረቡዕ ጠዋት የቀብር አስፈጻሚዎቹ ጥቁር መኪናቸውን ደጅ አቆሙ። ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ቤተሰቡ ተራ በተራ ተሰናበተ። ኮንሴፕታ የወንድሟን ግንባር ስማ ተንሰቀሰቀች። ኦርላ የአባቷን እጅ ይዛ ቆየች። ዩና መጨረሻ ላይ ቀረበችና ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ብ... ብ...»

«ብርድ ልብስ?» አለች ኮንሴፕታ እንባዋን እየጠረገች። «ብርድ ልብስ ላምጣልሽ? በርዶሻል።»

«አክስቴ፣ ትጨርስ» አለች ኦርላ።

ኮንሴፕታ ደነገጠች እንጂ አልተቆጣችም።

«ብቻዬን» አለች ዩና።

ሲወጡ ወንበሯን ወደ ሳጥኑ ሳበች። መቁጠሪያውን ሳትነካ እጇን እጁ ላይ አደረገች። ቀዝቃዛ ነው፤ እሁድ ማታ ከነካችው ይልቅ ቀዝቃዛ።

«ሰውዬው መሰላሉ ላይ ሲወጣ ነው የተኛኸው» አለችው።

ከዚያ ነገረችው። ጣራው ተሠርቶ እንዳለቀ፣ ሰውዬው የሚቆይበት ሰበብ አጥቶ አጥሩን ማደስ እንደጀመረ። ሴትዮዋ የባሏን ኮት እንዳለበሰችውና ልኩ ሆኖ ሲገኝ ሁለቱም እንዳዘኑ። ተዋናይቱ ጥሩ እንደሆነች፤ ሰውዬው ግን ሲያዝን ቅንድቡን ብቻ እንደሚያነሳ። አንድም ቃል አልያዛትም። ድምፅዋ ከበሩ ውጪ ለቆሙት ይሰማ ነበር፤ ኦርላ እናቷ እንዲህ ሳትንተባተብ ስታወራ ሰምታት አታውቅም።

«መጨረሻ ላይ ቦርሳውን አዘጋጅታ ሰደደችው። በሩን ዘጋችው። ከዚያ መልሳ ከፈተችው፤ በዚያው አለቀ። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅሁትም፤ ኮርማክ ልትጠራው ነው ይላል፤ ኮርማክን ታውቀዋለህ።» ቆም አለች። «ሻይ እየጠጣሁ ነበር፣ ማላኪ። አንተ ስትሄድ እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የተኛህ መስሎኝ ነው።»

አስፈጻሚው በሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ዩና ተጎንብሳ ጸጉሩን በለመደው በኩል በእጇ አስተኛችለትና ተነሳች።

መቃብሩ ከባሕሩ በላይ ነው። ነፋሱ የአባ ዶናልን ጸሎት እየነጠቀ ወሰደው፤ ሰው ሁሉ እሳቸው ሲያማትቡ እያየ አማተበ። ስድስት ሰዎች ሳጥኑን በገመድ አወረዱት። ኮርማክ ገመዱን ሲለቅ ፌሊም ክንዱን ያዘው።

ከቀብር መልስ ቤቱ በሾርባና በእርጥብ ኮት ሽታ ሞላ። ቀስ በቀስ ሰው ተሰናበተ። በማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ፌሊም፣ ኮርማክ፣ ኦርላ፣ ኮንሴፕታና ከስላይጎ የመጣች አንዲት የማላኪ የአጎት ልጅ ቀሩ። ዩና ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ጥዳ ከእነሱ ጋር ተቀመጠች። የአጎት ልጅ ትናንት ስላልነበረች ጠየቀች፤ እንዴት ሆነ?

«ፊልም እያዩ ነበር» አለች ኮንሴፕታ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለተናገረችው ቃሉ ራሱ ይወጣል። «እንቅልፍ ሸለብ አደረገው፣ በዚያው አረፈ። ዩና ወዲያው...»

«አ... አይደለም» አለች ዩና።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ኮንሴፕታ አፏን ከፈተች፤ ኦርላን አየችና መልሳ ዘጋችው።

«ወዲያው አላወቅሁም። ፊ... ፊልሙን ጨረስኩት።» ወደ ኮርማክ ዞረች። «በ... በሩን ለምን እንደከፈተችው ልንገርህ?»

ኮርማክ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ንገሪኝ።»

«ልትጠራው አይደለም። ስትዘጋው ቤ... ቤቱ ጸጥ አለ። ሰው የነበረበት ቤት እንዲህ ጸጥ ሲል ሰምታ አታውቅም። የከፈተችው ድ... ድምፅ እንዲገባላት ነው። የባቡርም ይሁን፣ የነፋስ፣ የ... የምንም።»

«እሱን ከምን አወቅሽ?» አለ ኮርማክ፣ ቀስ ብሎ።

«እኔም ፊልሙ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አ... አጠፋሁት። ሁልጊዜ ሳጠፋው ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ያ... ያንኮራፋ ነበር። ጸጥ አለ። ያኔ ነው ያወቅሁት። አልጮኽኩም። መ... መልሼ ከፈትኩት። ማስታወቂያ ነበር፣ ከዚያ ዜና። ዜናው እስኪያልቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ከዚያ ነው ስልክ የደወልኩት።»

የአጎት ልጅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኮንሴፕታ ጠረጴዛውን ተሻግራ የዩናን ክንድ ያዘች።

«ታዲያ ምን ጥፋት አለው፣ እማዬ?» አለች ኦርላ።

«ጥ... ጥፋት አላልኩም። እንደ ሆነው ይነገር ብዬ ነው።»

ፌሊም ጉሮሮውን ጠረገ። «በረዶ ቤቱ ደጃፍ ሰኞም እንሰበሰባለን» አለ። «ብርድ ነው፤ ወንበሩም የዓሣ ሳጥን ነው። ግን ብትመጪ...»

ሳቅ የሚመስል ነገር በዩና ፊት ላይ መጣና ሄደ። ልትመልስለት አፏን ከፈተች።

«ማ...»

ቆመች። ስሙ ነው። በሕይወቷ አንድም ቀን ይዟት የማያውቅ ስም፤ ድልድዩን ከተሻገሩበት ምሽት ጀምሮ ከአፏ እንደ ትንፋሽ ሲወጣ የኖረ ስም።

«ማ... ማ...»

ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ማፏጨት ጀመረ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ምን ልትል እንደሆነ ያውቃሉ፤ ኮንሴፕታ እንኳ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ዩና ተነስታ ማንቆርቆሪያውን ከእሳቱ ላይ አወረደችው። ፉጨቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ እጇን እጀታው ላይ እንዳደረገች ጠበቀች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞራ እንደገና ጀመረች።